የተሳሳተ ቀለም የገዛሽውን ፋውንዴሽን አትጣዪው፦ ባለሽ ሜካፕ ኮንቱር አሠራር

ሜካፕ ቦርሳሽን አንዴ ገልብጪው። ቀለሙ አልሆን ብሎሽ የተቀመጠ ፋውንዴሽን አታጪበትም። ሱቅ ውስጥ በነጩ አምፑል ሲታይ ልክ ነበር፤ ቤት ስትደርሺ ወይ ፊትሽን አጠቆረው፣ ወይ ፊትሽንና አንገትሽን የሁለት ሰው አስመሰላቸው። ነጣ ያለው ደግሞ ይበዛል፣ ምክንያቱም ሻጯ «ይሄ ያፈካሻል» ስትል እኛም እሺ ብለን እንከፍላለን። እንግዲህ አንድ የጠቆረ፣ አንድ የነጣ፣ ሁለት የማይሆኑ ፋውንዴሽኖች ካሉሽ የኮንቱር፣ ማለትም የፊትን ቅርጽ በጥላና በብርሃን የማውጣት፣ ዕቃሽ ተሟልቷል። ጠቆር ያለው ለጥላ፣ ነጣ ያለው ለብርሃን። ስምንት ቀለም የተደረደረበት ሳጥን ለመግዛት ገንዘብሽን አታውጪ።

ፋውንዴሽን ስትቀቢ ምን እንደሚሆን አስቢ። ጠባሳውም ጥቁር ነጥቡም ይሸፈናል፣ ግን ጉንጭሽ ሥር የነበረው የተፈጥሮ ጥላም አብሮ ይሸፈናል። ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል። ኮንቱር ይሄን የጠፋ ጥላ ይመልሳል። ጠቆር ያለ ቦታ ለዓይን ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ፈካ ያለው ደግሞ ወደ ፊት የወጣ። ሌላ ምስጢር የለውም።

ብዙ ሰው ኮንቱርን የሚያውቀው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ታዋቂዋ ኪም ካርዳሺያን በ2012 እ.ኤ.አ. ፊቷ ላይ ቡናማና ነጭ መስመር ተሰምሮ የሚታይበትን ፎቶ ከለጠፈች በኋላ ነው። ነገሩ ግን የቆየ ነው። የመድረክ ተዋንያን ኃይለኛው መብራት የፊታቸውን ቅርጽ ስለሚያጠፋባቸው ጥላውን በቀለም ይሥሉት ነበር። ሲኒማ ሲመጣ ደግሞ ካሜራው ቀረበ፣ የመድረኩ ወፍራም ቀለም ፊት ላይ ሲሰነጣጠቅ መታየት ጀመረ፣ በፖላንድ ተወልዶ ሎስ አንጀለስ ሱቅ የከፈተው ማክስ ፋክተር በ1914 እ.ኤ.አ. ለፊልም ተዋንያን ሳሳ ያለ ቅባት ቀለም የሠራው በዚህ የተነሳ ነው። ወፍራም ኮንቱር ለሩቅ ተመልካችና ለትልቅ መብራት ነው። አንቺ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው የምትቀመጪው፣ ያውም በቀን ብርሃን። እዚህ የምነግርሽ ሁሉ ለዚያ የሚሆነውን ነው።

ከሁሉም በፊት ቀለሙ

እጅሽን ከጉንጭሽ ፊት ለፊት ያዢና ጥላው ፊትሽ ላይ ሲያርፍ በመስታወት እዪው። ብርቱካናማ ነው? አይደለም። ቀይ ነው? አይደለም። የራስሽ ቆዳ ነው፣ ብቻ ደብዘዝና ጠቆር ብሏል። የምትፈልጊው ቀለም እሱ ነው።

ብሮንዘር ለዚህ ሥራ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ብሮንዘር ፀሐይ የነካው ቆዳ እንዲመስል ተብሎ ስለተሠራ ቀለሙ ሞቅ ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜም ያብረቀርቃል፤ ጉንጭ ሥር ሲገባ በርበሬ የነካው ያስመስላል። ብሮንዘርሽን ከወደድሽው ግንባርሽና የጉንጭሽ አናት ላይ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ ተጠቀሚበት። ከጥላው ቦታ ግን የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ይራቅ።

ቀይ ወይም የቀይ ዳማ ከሆንሽ ከቆዳሽ አንድ ደረጃ ብቻ የጠቆረ ቡናማ ይበቃሻል። ሁለት ደረጃ ከሄድሽ በቀን ብርሃን ያልታጠበ ፊት ይመስላል። ጠይም ከሆንሽ ሁለት ደረጃ መውረድ ትችያለሽ፣ ነገር ግን ግራጫ የሚበዛበትን ቡናማ ተጠንቀቂ። ብዙዎቹ የኮንቱር ፓውደሮች የፈረንጅ ቆዳ ታስቦ ስለተሠሩ ወደ ግራጫ ያዘነብላሉ፣ ጠይም ፊት ላይ ሲያርፉ አመዳም ያደርጉሻል። ጥቁር ከሆንሽ መንገዱ ሌላ ነው። ጥላውን የበለጠ ለማጥቆር መታገል ብዙም አይታይም። ሥራውን በብርሃኑ ሥሪው፦ የፊትሽን መሃል በኮንሲለር (ጠባሳና ጥቁረት በሚሸፍነው ቅባት) ትንሽ ፈካ ስታደርጊው ዙሪያው በራሱ ጥላ ይሆናል። ከሁሉም የሚያምረው ኮንቱርም ይሄ ነው ባይ ነኝ።

ቀለም ስትሞክሪ እጅሽ ጀርባ ላይ አትሞክሪ። እጅና ፊት አንድ ዓይነት አይደሉም። መንጋጋሽ ላይ፣ ወደ አንገትሽ ዝቅ ብሎ፣ በጣትሽ ቀጭን መስመር አድርጊና ከሱቁ ወጥተሽ በር ላይ በእጅ መስታወት እዪው። አሥር ደቂቃ ያህል ዞር ዞር በዪና ደግሞ እዪው፤ ፋውንዴሽን አየር ሲያገኘው ጠቆር የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሻጯ ብትቸኩልም አንቺ አትቸኩዪ፣ ገንዘቡ ያንቺ ነው።

የዘፋኟ ሪሃና ኩባንያ ፌንቲ ቢዩቲ በ2017 እ.ኤ.አ. በ40 ቀለም ፋውንዴሽን ይዞ ከመጣ ወዲህ ሌሎቹም ኩባንያዎች የጠይምና የጥቁር ቀለማቸውን አብዝተዋል። መርካቶ ወይም ቦሌ ያለው መደርደሪያ ላይ ግን ሁሉም አይደርስም። አሜሪካ ያለች እህት ወይም ዘመድ ልላክልሽ ካለችሽ «አንድ ጠይም ቀለም» ብለሽ አትላኪባት፤ አሁን የምትጠቀሚውን ጠርሙስ ገልብጠሽ ከሥሩ ያለውን የቀለም ቁጥር ፎቶ አንስተሽ ላኪላት። ወይም ያሉሽን ሁለት የተሳሳቱ ፋውንዴሽኖች እጅሽ ጀርባ ላይ ቀላቅያቸው፤ የራስሽ ቀለም መሃል ላይ ሊገኝ ይችላል። ያኔ ጠቆር ያለው ለጥላ፣ ነጣ ያለው ለብርሃን፣ ድብልቁ ለመላ ፊት ይሆናል።

ቦርሳ ውስጥ ያለው ነገር ለምን ይሆናል?

ጠቆር ያለው ፋውንዴሽን ወይም ኮንሲለር ቅባት ስለሆነ ለደረቅ ቆዳ ተመራጭ ነው፣ ከቆዳ ጋር ይዋሃዳል። ወዛም ፊት ካለሽ ግን ፓውደር ይሻልሻል። ለዚህ ደግሞ የቅንድብ ፓውደር የሚያህል የለም። የቅንድብ ፓውደር የሚሠራው ጸጉር እንዲመስል ስለሆነ ቀይ አይበዛበትም፣ አያብረቀርቅም፣ ልክ የጥላ ቀለም ነው። ሁለተኛው ምርጫ የማያብረቀርቅ ቡናማ አይሻዶ፣ የዓይን ቆብ ቀለም፣ ነው። አይሻዶ ግን ቀለሙ ከፊት ፓውደር ይበረታል፣ ስለዚህ ብሩሹን በጥቂቱ አስነክተሽ ትርፉን አራግፊ።

ሊፕስቲክሽ ለጉንጭ ቅላት ይሆናል። ቫዝሊን ለማብረቂያ ይሆናል፣ እሱንም ወደ መጨረሻው እናየዋለን። ኩል ለኮንቱር አይሆንም፤ ጥቁር ነው፣ አንዴ ከተሰራጨ ማስለቀቁ መከራ ነው።

ብሩሽ ሁለት ብቻ ይበቃል። አንደኛው ጫፉ ሰያፍ የሆነ ወይም ጠበብ ያለ፣ ሌላው ትልቅና ለስላሳ። ትልቁ የብላሽ (የጉንጭ ቅላት) ብሩሽ ለኮንቱር አይመችም፣ መስመሩን ያሰፋዋል፤ ግን በሁለት ጣትሽ ጠፍጠፍ አድርገሽ ከያዝሽው ያገለግላል። ስፖንጅ ካለሽ ጥሩ ነው፣ ከሌለሽም ጣት አለ። ጣት ሙቀት ስላለው ቅባቱን ያሟሟዋል፣ ፋውንዴሽን በጣቷ የምትቀባ ሴት ምንም አልጎደለባትም።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ ዕቃው ላይ ክዳኑ የተከፈተ የጠርሙስ ሥዕልና ውስጡ 6፣ 12 ወይም 24 የሚል ቁጥር ፈልጊ። ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ወር ነው። ለኮንቱር ያሰብሽው የተረሳ ፋውንዴሽን ሽታው ከተቀየረ፣ ወይም ውኃና ቅባቱ ተለያይቶ ብትነቀንቂውም አልገናኝ ካለ፣ እሱን እንኳን ጣዪው።

ብርሃንና ቆዳ

መስኮት ፊት ለፊት ተቀመጪ። መስኮቱ ከጎንሽ ከሆነ አንዱ ጉንጭሽ ሁልጊዜ ጨለማ ውስጥ ስለሚሆን እዚያኛው ላይ ሳታውቂው ታበዣለሽ፤ ከኋላሽ ከሆነ ደግሞ ፊትሽ ጭራሽ አይታይሽም። በሌሊት የምትወጪ ከሆነና መብራት ላይ መሥራትሽ ግድ ከሆነ አምፑሉ ከራስሽ በላይ ሳይሆን ከፊትሽ ይሁን፣ ምክንያቱም ከላይ የሚመጣ ብርሃን ራሱ ጥላ ይፈጥራል፣ አንቺም የሌለ ነገር ስትከተዪ ትውያለሽ። መብራት ከጠፋ የስልክ ባትሪ ፊት ለፊት አቁመሽ ጉንጭ ብቻ ሥሪ፣ የአፍንጫ ኮንቱር አትጀምሪ።

ፊትሽን ታጠቢ። ቅባትሽን ቀቢ፣ ብዙ አይደለም። ከዚያ የፀሐይ መከላከያ፣ ቢያንስ SPF 30 የሚል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ የፀሐይዋ ጎጂ ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፤ ብርድ ነው ብለሽ አትሸወጂ። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ አውጪ። አሁን ተነሺና ቡናሽን ጠጪ ወይም ልብስሽን ተኩሺ። ይሄ ሁሉ ሳይጠጣ ፋውንዴሽን ከደረብሽበት ከሥሩ ይንሸራተታል፣ በጣትሽ ስትነኪው እየተንከባለለ ይላጣል።

ፋውንዴሽኑን ስስ አድርጊው። ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር ግፊው፣ ዳር ላይ እንዲያልቅ። ገና ኮንቱርም ኮንሲለርም ፓውደርም ስለሚመጣ እዚህ ላይ ቆጣቢ ሁኚ።

የማይጣስ ሕግ አንድ አለ። ቅባት የሆነው ሁሉ ከፓውደር በፊት ይቀባል። ፓውደር ከነፋሽ በኋላ ቅባት ኮንቱር ላድርግ ካልሽ እዚህም እዚያም ይይዝና ፊት ዝንጉርጉር ይሆናል፣ ጠርጎ እንደገና ከመጀመር ሌላ መፍትሔ የለውም።

ጉንጭ

ጊዜሽን ሁሉ እዚህ ብታጠፊው አይቆጭሽም። ሌላው ሁሉ ቢቀር ጉንጭ ብቻውን ኮንቱር ነው።

ቦታውን በዓይን አትፈልጊው፣ በጣትሽ ዳብሺው። ከጆሮሽ ቀዳዳ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ ንኪ። ከእሷ ተነስተሽ ወደ አፍሽ ጥግ አቅጣጫ ጣትሽን ስትጎትቺ ከላይ ጠንካራ አጥንት፣ ከታች ለስላሳ ሥጋ ታገኛለሽ። ጥላው የሚገባው አጥንቱ ከሚያልቅበት ጠርዝ ሥር ነው። ጉንጭን ወደ ውስጥ መሳብ ብዙዎች የሚያደርጉት ነው፣ እኔ አልመክርሽም፤ የሚሰረጉደው ከትክክለኛው ቦታ ዝቅ ብሎ ነው፣ እዚያ ላይ የቀባሽ እንደሆነ ፊትሽ የተንጠለጠለና የደከመ ይመስላል። እንዲያውም ከተጠራጠርሽ ሁልጊዜ በአንድ ጣት ስፋት ወደ ላይ ከፍ አድርጊው። ከፍ ያለ ኮንቱር ፊት ያነሳል።

የት ይቁም? ከዓይንሽ የውጭ ጥግ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር አለ በዪ። እዚያ ስትደርሺ አቁሚ። ከዚያ አልፎ ወደ አፍ የሚሄድ ኮንቱር የትም ቦታ አያምርም።

በቅባት ከሆነ የምትሠሪው፣ ጠቆር ያለውን ፋውንዴሽን የምስር ፍሬ የምታህል እጅሽ ጀርባ ላይ አውጪ። ከጠርሙሱ በቀጥታ ፊትሽ ላይ አታድርጊ። በጣትሽ ወይም በጠባቡ ብሩሽ ሦስት ነጥብ አኑሪ፦ ትልቋ ከጆሮሽ አጠገብ፣ ሁለተኛዋ አነስ ያለች፣ ሦስተኛዋ የምትታይ የማትመስል። ስፖንጁን ውኃ ውስጥ ነክረሽ ጠብ እስከማይል ጭመቂው። ከዚያ መታ መታ አድርጊ። አትፈትጊ፣ አትጎትቺ። የጥላው የታችኛው ጠርዝ ሥርዓት ያለው ሆኖ ይቅር፣ የላይኛው ጠርዝ ግን ወደ አጥንቱ ወደ ላይ እየሟሟ እስኪጠፋ ድረስ መታ መታ። ከየት ጀምሮ የት እንዳለቀ ራስሽም ካላወቅሽው ጨርሰሻል።

በፓውደር ከሆነ መጀመሪያ ፊትሽን በስሱ ፓውደር አድርጊ፤ ደረቅ ፓውደር እርጥብ ፋውንዴሽን ላይ ሲያርፍ ተጣብቆ ይቀራል። ብሩሹን አስነኪ፣ አራግፊ፣ ከጆሮ ጀምሪ። ብሩሹ የመጀመሪያ በሚያርፍበት ቦታ ነው ብዙ ቀለም የሚጥለው፣ ስለዚህ ማረፊያው ሁልጊዜ ጆሮ አጠገብ ይሁን እንጂ ጉንጭ መሃል አይሁን። ጥቂት ጥቂት እያልሽ ጨምሪ። መጨመር ይቻላል፣ ማንሳት ግን ሥራ ነው።

ፊትሽ ክብ ከሆነ መስመሩን ሰያፍ አድርጊው፣ ከጆሮ ወደ ታች ይዘንብል። ረዘም ያለ ፊት ካለሽ ግን ሰያፉ ይበልጥ ያረዝመዋል፤ ጋደም ያለ፣ ወደ አግድም የሚያደላ ይሁን። ጉንጭሽ ከመጀመሪያውም ጎድጎድ ያለ ከሆነ፣ ከሳ ያልሽ ሰሞንም ቢሆን፣ ጉንጭ ላይ ኮንቱር አታድርጊ። ይልቅ እዚያ ነጣ ያለውን ንኪና ሙሉ አስመስዪው። ማንም አይነግርሽም እንጂ ኮንቱር የማያስፈልጋት ሴት ብዙ ናት።

ግንባርና መንጋጋ

ግንባር ላይ የሚሠራው ግንባሯ ሰፋ ወይም ከፍ ላለ ብቻ ነው። ጥላው በጸጉር መስመር ዳር ዳሩን ሄዶ ከቅንድብሽ ጫፍና ከጸጉርሽ መሃል ባለው ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ይወፍራል። ግንባርሽ ጠባብ ከሆነ እለፊው።

ሹሩባ ከተሠራሽ እዚህ ጋ አስቢበት። ጸጉሩ ተስቦ የተጋለጠው የራስ ቆዳ ከፊትሽ ነጣ ስለሚል ኮንቱሩ ድንገት የሚቆም ድንበር ይሆናል። ቅባት ከሆነ ደግሞ ሹሩባው መሃል ገብቶ ይጋገራል። በፓውደር ብቻ ሥሪው፣ ብሩሹ ላይ የተረፈውን ብናኝ ወደ ጸጉር መስመሩ በስሱ አሳልፊው። ሂጃብ ወይም ሻሽ የምታደርጊ ከሆነ ደግሞ ግንባርም መንጋጋም ላይ መድከም ትርፉ ጨርቅ ማበላሸት ነው። የሚታየው ጉንጭሽ፣ ዓይንሽ ሥርና አፍንጫሽ ነው፣ እዚያ ላይ ጨርሺ።

መንጋጋ ላይ ጥላው አጥንቱ ላይ ሳይሆን ከአጥንቱ ሥር ይግባና ወደ አንገት ወርዶ ይጥፋ። አጥንቱ ላይ ከተቀባ ጺም ይመስላል፣ እውነቴን ነው። መንጋጋሽ ሰፊ ከሆነ ከጆሮ በታች ያለውን ማዕዘን ብቻ ንኪ። አገጭ ሥር ትንሽ ጨመር ማድረግ ለፎቶ ጥሩ ነው።

ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ የምትለብሺ ቀን ግን መንጋጋና አንገት ላይ ምንም ቅባት አታድርጊ። ነጠላው ገና ከቤት ሳትወጪ ቡናማ ይሆናል። ልብሱን መጀመሪያ ልበሺ፣ አንገትሽ ላይ አሮጌ ፎጣ ጣል አድርገሽ ሜካፑን ሥሪ፣ መንጋጋውን በፓውደር ብቻ ንኪ።

አፍንጫ

ለዕለት ተዪው እላለሁ። ሰልካካ አፍንጫ ያላት ሴት ደርባ መስመር ስታሰምርበት ሳይ ያናድደኛል። የሰፋ ወይም አጠር ያለ አፍንጫ ያላትም ብትሆን በቀን ብርሃን በአንድ ክንድ ርቀት ላይ የተሰመረ አፍንጫ ያስታውቃል። ለሰርግ፣ ለመልስ፣ ለምርቃት ፎቶ ግን ይሠራል፣ ስለዚህ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

በትንሽ የአይሻዶ ብሩሽ፣ የማያብረቀርቅ ቡናማ አይሻዶ ወይም የቅንድብ ፓውደር። ከቅንድብሽ ውስጠኛ ጫፍ ጀምረሽ በአፍንጫሽ ጎንና ጎን ሁለት ቀጫጭን መስመር አውርጂ። በሁለቱ መስመሮች መሃል የቀረው ቦታ ነው ሰው አፍንጫሽ ነው ብሎ የሚያየው፣ ስለዚህ አቀራረብሽው ማለት አጠበብሽው ማለት ነው። በጣም ካቀራረብሽው ግን የሌላ ሰው አፍንጫ ይሆናል። መስመሮቹ እኩልና ቀጥ ያሉ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከተጣመመ አፍንጫው የተሰበረ ይመስላል። ከዚያ በጣትሽ ጫፍ ወደ ውጭ፣ ወደ ጉንጭ አቅጣጫ አደብዝዢው፣ ወደ መሃል አትመልሺው። መሃሉ ላይ ነጣ ካለው ኮንሲለር ቀጭን መስመር አድርጊ፣ ጫፉ ላይ ሳይደርስ ይቁም። አፍንጫ ለማሳጠር ከፈለግሽ ጫፉ ሥር ትንሽ ጥላ ንኪ።

ብርሃኑ

ነጣ ያለው ፋውንዴሽን ወይም ኮንሲለር ከቆዳሽ አንድ ደረጃ፣ ቢበዛ ሁለት የፈካ ይሁን። የሚገባው ዓይን ሥር፣ ግንባር መሃል በቅንድቦችሽ መካከል ከፍ ብሎ፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለው ስርጉድ ላይና አገጭ ላይ ነው። ከጉንጭ ጥላው ሥርም ቀጭን መስመር ብታደርጊ ጠርዙ ይጠራል። ሁሉም ላይ ግን በአንድ ቀን አታድርጊው። ለሥራ ቀን ዓይን ሥርና አገጭ ይበቃል።

ዓይንሽ ሥር ጥቁረት ካለ፣ ብዙዎቻችን ጋ አለ፣ ነጣ ያለውን በቀጥታ አትደርቢበት። ግራጫ ይሆንና የበለጠ ያሳብቃል። መጀመሪያ ብርቱካናማ ነገር በስሱ ይገባል፣ እሱ ጥቁረቱን ያጠፋል፣ ከዚያ ኮንሲለር። ብርቱካናማ ሊፕስቲክ የሚጠቀሙ አሉ። ይሠራል፣ ነገር ግን ሊፕስቲክ ለዓይን አካባቢ ተብሎ ስላልተሠራ ዓይንሽ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ኮሬክተር ግዢ። ኮንሲለሩን ጥቁረቱ ባለበት ላይ ብቻ ንኪ፤ ጉንጭ ድረስ ወርዶ ሦስት ማዕዘን መሥራት የፎቶ ስቱዲዮ ነገር ነው።

ማሰርና ማቅላት

ቅባቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ በፓውደር ታስሪዋለሽ፤ ስስ ብቻ፣ የሚወዛው ቦታ ላይ ብቻ፦ አፍንጫ ዙሪያ፣ ግንባር መሃል፣ አገጭ። ዓይን ሥር ፓውደር ከምሮ ደቂቃዎች ማስቀመጥ የሚባለው ነገር በአዲስ አበባ በጋ ቆዳ ሲያሰነጣጥቅ ነው የማየው። ዱባይ ወይም ጅዳ ያለሽ ግን ሌላ ዓለም ላይ ነሽ፤ እዚያ ወበቁ ቅባትን ያቀልጣል፣ ኮንቱሩን ከመጀመሪያው በፓውደር ሥሪው።

ኮንቱር ያለ ጉንጭ ቅላት ፊትን የታመመ ያስመስለዋል። ሊፕስቲክ ጣትሽ ላይ አስነክተሽ ከጥላው በላይ፣ አጥንቱ ላይ፣ ወደ ጆሮ እየነካካሽ ውጪ፤ ቅባት ስለሆነ ይሄም ከፓውደሩ በፊት ነው የሚደረገው። ጠይምና ጥቁር ፊት ላይ ደማቅ የሚመስሉት ቀለሞች ናቸው የሚያምሩት፣ ጡብ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካናማ። ነጣ ያለ ሮዝ አመዳም ያደርጋል።

ከፓውደር በኋላ የሚገባ ቅባት አንድ ብቻ ነው፤ ማብረቂያ ከፈለግሽ በመጨረሻ ቫዝሊን በቀለበት ጣትሽ እንዳልነካሽ ያህል ነክተሽ የጉንጭ አጥንትሽ አናት ላይ ጫን አድርጊው። ከፈተግሽው ፓውደሩን ይዞት ይሄዳል። ወዛም ፊት ካለሽ ይቅርብሽ፣ ከሰዓት በኋላ ፊትሽ ራሱ ያብረቀርቃል።

ከመውጣትሽ በፊት

ከመስታወቱ ሁለት እርምጃ ራቂ። ሰው የሚያይሽ ከዚያ ነው። ወደ ቀኝ ዙሪ፣ ወደ ግራ ዙሪ፣ ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆናቸውን እዪ። በቀኝ እጇ የምትሠራ ሰው ብዙ ጊዜ አንዱ ጎን ላይ ታበዛለች። ከዚያ መስኮት ጋ ቆመሽ በስልክሽ አንድ ፎቶ አንሺ። መስመር ከታየሽ ገና አልተዋሃደም። የማታ ፕሮግራም ካለሽ ደግሞ በፍላሽ አንሺ፤ አንዳንድ ፓውደርና የፀሐይ መከላከያ የፍላሹን ብርሃን ወደ ካሜራው ስለሚመልሱ ፊት በፎቶ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ይሄን ደግሞ የሰርጉ አልበም ላይ ሳይሆን ቤትሽ ሆነሽ ብታውቂው ነው የሚሻለው።

በዛብሽ? አትጠቢው፣ ነጭ ፓውደርም አትከምሪበት። መጀመሪያ ፋውንዴሽን የቀባሽበትን ስፖንጅ፣ ምንም ሳትጨምሪበት፣ ጥላው ላይ መታ መታ አድርጊበት። ላዩ ላይ የተረፈው የራስሽ ቀለም ያለዝበዋል። የፓውደር ከሆነ ንጹሑን ትልቅ ብሩሽ ክብ ክብ እያደረግሽ አሂጂበት። ዝንጉርጉር ከሆነ ግን ያንን ጉንጭ ብቻ ጠርገሽ እንደገና ጀምሪ፣ መላ ፊትሽን አትንኪ።

ጠዋት ጊዜ ከሌለሽ ሁሉንም ተዪና ይሄን አድርጊ፦ ዓይን ሥር ኮንሲለር፣ ጉንጭ ሥር የቅንድብ ፓውደር፣ ጉንጭ ላይ ሊፕስቲክ። ፋውንዴሽን እንኳን ባይኖር ይሆናል።

ማታ ስትገቢ መጀመሪያ በዘይት ወይም በሜካፕ ማስለቀቂያ አሟሚው፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ። በሳሙና ብቻ የሚታጠብ ቅባት ኮንቱር የጸጉር መስመርና የመንጋጋ ሥር ላይ ይቀራል፣ ብጉሩም የሚወጣው እዚያው ነው። ብሩሾችሽን በሳምንት አንዴ በሻምፑ እጠቢና ጋደም አድርገሽ አድርቂ፤ ቀጥ አድርገሽ ካቆምሻቸው ውኃው ወደ እጀታው ወርዶ ሙጫውን ይለቀዋል። ስፖንጁን በተጠቀምሽ ቁጥር እጠቢው፣ እርጥቡን ቦርሳ ውስጥ አትዝጊበት፣ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ደግሞ ጣዪው።